መርዶ በእንግሊዝኛ

ጡረታ ወጥቼ ገና እንቅልፌን ሳልጠግብ፣ ጎረቤቴ የልጁን የእንግሊዝኛ ደብተር በብብቱ ይዞ በሬን አንኳኳ። ልጅቱ ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ እሷም ከኋላው ቆማለች። «መምህር፣ እንዲያው ትንሽ ብታያት፤ ግራመሩ አልገባትም» አለኝ። ደብተሩን ገለጥሁት። ገጹ መሐል፣ በማስመሪያ የተሠመረ፣ በቀይ እስክሪብቶ የደመቀ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ውስጥ «ሰብጀክት፣ ሲደመር ሃቭ ወይም ሃዝ፣ ሲደመር ቨርብ ስሪ» ይላል። ከሥሩ ምሳሌዎች ተደርድረዋል። ጆን አፕል በልቷል። ሜሪ አፕል በልታለች። ጆንና ሜሪ አፕል በልተዋል።

«አፕል በልተሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«ኧረ የለም።»

«ጆንንስ ታውቂዋለሽ?»

ሳቀች።

«ታዲያ የማታውቂው ሰው የማታውቂውን ፍሬ መብላቱ ምን አገባሽ?»

«ፈተና ላይ ይመጣል» አለችኝ።

ልክ ናት፤ ይመጣል። ያን ሣጥን እኔም ተማሪ ሳለሁ ገልብጨዋለሁ። ከእኔ ቀድሞ ሥራ የገባ፣ ከእኔም በኋላ ጡረታ የማይወጣ ብቸኛ ባልደረባዬ ነው። ርእሰ መምህር በተቀየረ፣ መጽሐፍ በተቀየረ፣ የትምህርት ፖሊሲ በተቀየረ ቁጥር እሱ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ንዴቴ ከየት እንደሚነሣ ላስረዳ። የቋንቋው ባለቤቶች ይህን የግስ ዓይነት ማን ምን እንደበላ ለመመዝገብ አይጠቀሙበትም። ሰው በር ከፍቶ ሲገባ የሚናገርበት ነው። ቁልፉ የጠፋበት እንግሊዝ ኪሱን እየዳበሰ «ቁልፌ ጠፍቷል» ይላል። አሁንም እንደጠፋ ነው፤ ደጅ ቆሟል፤ አንድ ነገር አድርጉልኝ ማለቱ ነው። በማግስቱ ቁልፉ ተገኝቶ፣ ሻይ እየጠጣ ያንኑ ነገር ሲያወራ ግን ግሱን ይቀይራል፤ አልቋላ። እንግዳ ሲመጣባቸው «በልተሃል?» ይሉታል። የበላበትን ሰዓት ፈልገው አይደለም፤ ሳህን እናቅርብ ወይ ማለታቸው ነው። «ዝናቡ አቁሟል» ያለ ሰው ስለ አየር ጠባይ ዘገባ እያቀረበ አይደለም፤ ተነሡ እንሂድ እያለ ነው። ነገሩ የሆነው ድሮ ሊሆን ይችላል፤ ጣጣው ግን አሁን ከፊታችን ተቀምጧል። ለዚህ ሣጥን ምን ይሠራል?

ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ደግሞ ነገሩ በአፋችን ያለ መሆኑ ነው። «መጥቷል» ስንል «መጥቶ» እና «አለ»ን አጋጥመን ነው። መጣ ብቻ አይደለም፤ መጥቶ፣ አለ። አይከል ገበያ በግ የሚሸጥ ገበሬ «ዋጋው ወርዷል» በሚለውና «አምና ዋጋው ወረደ» በሚለው መሐል ያለውን ልዩነት ከጡት ጋር ጠብቶታል። እኛ የዚህን ገበሬ ልጅ ክፍል አስገብተን፣ የሚያውቀውን አስጥለን፣ «ሃቭ ማለት አለኝ ማለት ነው» እንለዋለን። ልጁ «የተበላ አፕል አለኝ» ብሎ ሲተረጉም ደግሞ በሞኝነቱ እንስቃለን። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበት ቦታ የለም አልልም። እኛ «ትናንት አይቸዋለሁ» ብንል ማንም አይቆጣንም፤ እነሱ ግን «ትናንት» ካሉ በኋላ ይህን ግስ አያስጠጉትም፤ ቀኑ ከተጠራ በሩ ተዘግቷል። ይህችን ለማስረዳት አንድ ጧት ይበቃል። እኛ ከታችኛው ክፍል እስከ ማትሪክ እናስተምራታለን፤ ልጁም አንድ ቀን ሳይናገራት ይጨርሳል።

ሥራ የጀመርሁት ከጎንደር በደባርቅ መንገድ፣ ከኮሶዬ አለፍ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነው። ብርዱ ጠመኔ የያዘ ጣት ያደነዝዛል። ደመወዜን አላነሣም፤ እሱም እኔን አላነሣኝም። ሣጥኑን ግን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እጽፈው ስለነበር ርእሰ መምህሩ በመስኮት እያዩ ያደንቁኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሒሳብ አስተማሪው ጓደኛዬ ጋር ኮሶዬ መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ተቀምጠን ሽሮ እንበላለን። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ቦርሳዋን እየጎተተች ስትሮጥ ገባች። ገደሉን ፎቶ ስታነሣ አውቶቡሷ ጥሏት ነጉዷል። እኔ ላይ አፍጥጣ በእንግሊዝኛ «አውቶቡሱ ሄዷል!» አለች፣ በዚያው ግስ። እኔ ባለዲግሪው ዐረፍተ ነገሩን በልቤ በታተንሁት። ሰብጀክት አለ፤ ሃዝ አለ፤ ቨርብ ስሪ አለ። ምንም አልጎደለውም። ፈገግ አልሁና «ቬሪ ጉድ» አልኋት።

ጓደኛዬ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተነሥቶ መኪና ሊያስቆምላት ወጣ። ሲመለስ ምን አለኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ እኮ እርዳታ ጠየቀችህ እንጂ ፈተና አልተፈተነችም!»

ከዚያ ወደ ጭልጋ ተዛወርሁ። ከአይከል ወዲያ ባለች፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ ጋሼ ምንውየለትን አገኘኋቸው።

ጋሼ ምንውየለት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ለቀልድ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ጠመኔ ከእጃቸው ይልቅ ከኮታቸው ኪስ ይኖር ነበር፤ ሲያወጡት ቤቱ የሚቃጠል ይመስል ተማሪው ሁሉ ቀና ይላል። ትንሽ ራዲዮ ነበረቻቸው። ከሥራ በኋላ ከለንደን የሚተላለፈውን የእንግሊዝኛ ዜና ከእኔ ጋር ይሰማሉ። «የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ስማ» ይሉኛል ጣታቸውን ቀስረው። «ድልድይ ፈርሷል አለህ። ይህች በሩን ከፈተችልህ። አሁን የሚቀጥለውን ስማ። ጧት ፈረሰ፣ መኪና ወደቀ፣ ሰዎች ሮጡ። ግሱን ቀየረው አይደል? አንዴ ካበሠረህ በኋላ ተረት ነው የሚነግርህ። ወሬ ትኩስ የሚሆነው አንዴ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ብታሞቀው አይሆንም።»

የኮሶዬዋን ሴትዮ ታሪክ ስነግራቸው ራዲዮዋን ዘግተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር፣ ሳል እንኳ ቢይዘኝ፣ «ቬሪ ጉድ» ነው መልሳቸው።

የእሳቸው ክፍል የሚጀምረው ከበሩ ላይ ነው። ተማሪው ተሰልፎ ይመጣል፤ እሳቸው መቃኑ ሥር ቆመው፣ ከሩቅ የመጣን እንግዳ እንደሚቀበል ሰው፣ በእንግሊዝኛ «ምን ወሬ?» ይላሉ። ልጁ የሆነና አሁንም ያለ ነገር ካልነገራቸው አያሳልፉትም።

«ላማችን ወልዳለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«ቅቤ መጥቷላ። ግባ።»

«ወንዙ ሞልቷል።»

«ታዲያ አንተ እንዴት ደረስህ?»

ልጁ እዚያው በሩ ላይ ግሱን ለውጦ እንዴት እንደተሻገረ ይተርካል። የተሳሳተውን ተሳሳትህ አይሉትም፤ ያለውን አቃንተው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ ይደግሙታል። ልጁም ሰምቶ ይከተላቸዋል። አያቶቻቸው ቅማንትኛ፣ ወላጆቻቸው አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ነበሩ፤ ሦስተኛ ቋንቋ ለእነሱ ተራራ አልነበረም። ውሸት ግን አይማርላቸውም። አንዱ «አባቴ አውሮፕላን ገዝቷል» ቢላቸው፣ የት እንዳቆመው፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ጭድ ይብላ ገብስ፣ በእንግሊዝኛ እስኪያልበው ጠየቁት። ልጁ በመጨረሻ «ሸጥነው» ብሎ አመለጠ። «ያንን ግስ በትክክል ስላልኸው ግባ» አሉት።

እኔም ሣጥኑን ትቼ የክፍሌ በር ላይ መቆም ጀመርሁ።

ከዚያ ፕላዝማ መጣ። ከዚያ በፊት የተሰነጠቀ ሰሌዳ ያልተቀየረለት ክፍል ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለለት። ከሩቅ አገር ያለች መምህርት ትናገራለች፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ እኛ እናበራለን፣ እናጠፋለን። መብራት ሲሄድ ዕውቀት አብሮ ይሄዳል። ከቴሌቪዥኑ ጋር ደግሞ ሱፐርቫይዘር የሚባል ጎብኚ በዛ። ጋሼ ምንውየለት ቴሌቪዥኑን ከማብራታቸው በፊት በራቸው ላይ ይቆሙ ስለነበር ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ሰሌዳው ላይ ፎርሙላ የለም፤ ዘዴው አይታወቅም፤ ወግ ይበዛል ተባሉ። ሦስተኛ ግምገማ ተቀጠረላቸው። እሱን ካላለፉ ከክፍል ወጥተው ንብረት ክፍል ይመደባሉ፤ የተሰበረ ወንበርና የተቀደደ ካርታ ሊጠብቁ ማለት ነው። ለጡረታ ጥቂት ዓመት ነበር የቀራቸው። እነዚያን ዓመታት ከልጆቹ ጋር ከማሳለፍ በቀር ከመንግሥት የሚፈልጉት ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ኃላፊ እኔ ነበርሁ። ሄጄ ለመንኋቸው። «ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ሣጥኑን ይጻፉላቸው።»

«ጻፍሁላቸው እንበል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሄዳሉ።»

«እነሱ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ግን አይተውኛል» አሉኝ።

የግምገማው ዕለት ጧት በትምህርት ቤቱ ግቢ ስገባ ትርንጎ ጠበቀችኝ። ትርንጎ ከጋሼ ምንውየለት ተማሪዎች ሁሉ በሩ ላይ የምትጠበቅ ልጅ ነበረች፤ እሷ ወሬ ስታመጣ ከኋላዋ የተሰለፉት ለመስማት ይጋፋሉ። አባቷ አያ ሞላ የጋሼ ምንውየለት ባለቤት ዘመድ ናቸው።

«መምህር» አለችኝ ዙሪያዋን እያየች፤ «የጋሼ እናት አርፈዋል።»

እናታቸው ከደባርቅ ማዶ፣ የተወለዱበት አገር ነበሩ። ከትናንት በስቲያ አርፈው፣ ትናንት ተቀብረዋል። መልእክተኛው አያ ሞላ ቤት ደርሷል። ወንድሞቻቸው በጎንደር አድርገው ማታ ይገባሉ፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጋሼ መርዶውን ይረዳሉ።

«ማን ማን ሰምቷል?» አልኋት።

«ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ጋሼ ብቻ አልሰሙም።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሰው በሥራው ላይ ቆሞ፣ እንግዳ ፊት፣ ዘመዱ ሳይከበው አይረዳም። የሚደግፈው ክንድ ከግራ ከቀኝ ተዘጋጅቶ፣ ትልልቅ ሰዎች ተመርጠው፣ ቀኑን ሙሉ ሊያለቅስ እንዲችል በማለዳ ነው የሚረዳው። ቀድሞ ያመለጠው አፍ በአገሩ ዕድሜ ልኩን ይነሣበታል። እዚያ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ ይህን ከማንበብ በፊት ተምሮታል።

ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሮጥሁ። እሱም ሰምቷል።

«ሌላ ቀን ይሁን በላቸው» አልሁት።

«ባዘገየው ጋሼ ምነው ይላሉ። ስንት ቀን ሲዘጋጁ ከርመው! ምን ልላቸው ነው?»

«ታምሜያለሁ በል።»

«አሁን ከሱፐርቫይዘሮቹ ጋር ጥሬ ሥጋ በልቻለሁ! የትኛውን ሕመም ነው የምታመመው?»

በመስኮት አየን። ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮች፣ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ወጣት፣ ከጋሼ ምንውየለት ጋር እየተጫወቱ ወደ ክፍሉ ሄደዋል። ጋሼ ምንውየለት ለዕለቱ ክራቫት አስረው ነበር።

አሁን አስቡት። ሥራው በሙሉ «ትልቁን ወሬ ንገረኝ» በሚል ጥያቄ ላይ የቆመ መምህር በሩ ላይ ቆሟል። የተሰለፉት ልጆች አንድ ወሬ ብቻ ያውቃሉ። ያችን ወሬ ለማንም መንገር ይቻላል፤ ለእሱ ግን አይቻልም።

የመጀመሪያው ልጅ ቀረበ።

«ምን ወሬ?»

«ፊቴን ታጥቤያለሁ።»

«እሰየው፣ ግባ።»

ሁለተኛው «እጄን ታጥቤያለሁ» አለ። ሦስተኛዋ «እግሬን ታጥቤያለሁ» አለች። አራተኛው አካሉን ሁሉ በሐሳቡ ፈትሾ «ጆሮዬን ታጥቤያለሁ» አለ። ጋሼ ምንውየለት ወደ እንግዶቹ ዞረው «ዛሬ ንጹሕ ክፍል ነው የገጠማችሁ» ብለው ቀለዱ። በሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አንድም ጥርስ አልታየም። ወጣቱ ሱፐርቫይዘር ጻፈ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረባቸው ይጠርጉ ጀመር።

ጋሼ ምንውየለት ግራ ገባቸው። ከብቶቹን በየስማቸው የሚያውቁለት ልጅ ሲደርስ ሊያግዙት ፈለጉ። «ቡሬስ እንዴት ሆነች?» አሉት።

ልጁ መሬት መሬት እያየ «ታጥባለች» አለ።

የትርንጎ ተራ ደረሰ። ሰልፉ ከኋላዋ አልተጋፋም። ጋሼ ምንውየለት ፊታቸው በራ፤ እሷ እንደምታወጣቸው እርግጠኛ ነበሩ። «አንችስ እመቤት? ምን ወሬ?»

«ረስቻለሁ» አለች፣ በእንግሊዝኛ።

«ምኑን ረሳሽ?»

«ሁሉንም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አልፋቸው ገባች።

«እንግዳ ፈርተው ነው» አሉ ጋሼ ምንውየለት፣ ለራሳቸው ሳይሆን ለልጆቹ እየተሟገቱ። «በሌላ ቀን ብትሰሟቸው ወፎች ናቸው።»

ግድግዳ ተደግፌ ይህን ሁሉ አየሁ። እንግሊዞች የሚከብድ ነገር መሐላቸው ሲቀመጥ ስለ ዝናቡ ያወራሉ ይባላል። የኛ ልጆች ያን ቀን ዝናብ ስላልነበረ ስለ ውኃ አወሩ። እስከ ዛሬ ከብዙ ሺህ ተማሪ አፍ እንግሊዝኛ ሰምቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ጭንቅ ተሸክሞ ሳይወድቅ የቆመ ዐረፍተ ነገር ግን አልሰማሁም። ግሱም ትክክል ነበር።

ሱፐርቫይዘሮቹ ከቀትር በፊት መኪናቸው ውስጥ ገቡ፤ ጋሼ ምንውየለትም እስከ በሩ ሸኟቸው፤ እኔ አንድ ቃል የምተነፍስበት ክፍተት አላገኘሁም። በኋላ እንዳየሁት፣ ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን በነፃነት እንደማይገልጹ፣ የቃላት ዕውቀታቸውም ከግል ንጽሕና እንደማያልፍ ጽፈዋል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አያ ሞላ ከወንድማማቾቹ ጋር በሩን አንኳኩ። እኔ ከኋላ ነበርሁ። ጋሼ ምንውየለት ከፍተው የተሰበሰበውን ሰው አዩ። አያ ሞላ አፋቸውን ሳይከፍቱ ክንዳቸውን ያዟቸው። ስለዚያ ጧት ሌላ አልጽፍም።

ለቅሶው ቤት ተማሪዎቹ በሰልፍ መጡ። ልማድ ሆኖባቸው ነው፤ በድንኳኑ በር አንድ በአንድ ገቡ። ጋሼ ምንውየለት ቀና ብለው ትርንጎን አዩ።

«ያን ለት አውቃችሁ ኖሯል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

ዐይናቸው የቡሬን ባለቤት ፈለገ። «እኔ ደግሞ ምነው ይህ ሁሉ ፍጥረት ታጠበ እላለሁ» አሉ። «ለለቅሶ ኖሯል።» ልጁ ሲያለቅስ ሳቀ፤ ሲስቅ አለቀሰ። «ሸጋ ልጆች» አሉ ጋሼ ምንውየለት፣ ለጎናቸው ሰው።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ በእኔ እጅ መጣ፤ ንብረት ክፍል። ለጋሼ ሳልነግራቸው አቤቱታ ይዤ ጎንደር ወረድሁ። ሽማግሌውን ሱፐርቫይዘር ቢሯቸው አገኘኋቸው። የደጋ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ከመነሻው ስነግራቸው ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ታዲያ ምነው ያን ቀን አልነገርኸኝም?» አሉኝ።

«ሰውየው አጠገብዎ ነበሩ።»

«ገለል አድርገህ ብትነግረኝስ?»

«ፊትዎ ይነግራቸው ነበር።»

ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እውነትህን ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ባልደረቦቼ እንዲሁ ደብቀውኛል። ካርታ እያጫወቱ አመሹኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።»

«እንግዲያ ይሰርዙታ!»

«አቤቱታህን ተቀብለናል» አሉኝ። «ጉዳዩን አይተነዋል። ግን ወስነናል።»

ሦስት ግስ፣ ሦስቱም በዚያው ጊዜ። ጋሼ ምንውየለት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህ ግስ ጣጣው ገና ያላለቀ ነገር መናገሪያ ነው ብለው አስተማሩ። ቢሮ ደግሞ ጣጣውን መገላገያ አድርጎታል።

«ቅጹ ላይ ስለ መርዶ የሚሞላ ቦታ የለም፣ ወንድሜ።»

«ኅዳጉ ላይ ይጻፉት።»

«ኅዳግ ማን ያነባል?» አሉና ቆመው እጄን ጨበጡኝ። «ደግሞም ክፍሉን ላንተ ሰጥተንሃል። ፎርሙላ አሳምረህ ትጽፋለህ ይባላል።»

ስለዚህ ሰው ብዙ አስቤያለሁ። የማያውቅ ቢሆን፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ መርዶ ምን እንደሆነ ያልሰማ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። አለማወቅን ትምህርት ያድነዋል፤ ደሞዝ የምበላውም ለዚያ ነበር። እሳቸው ግን ሁሉን ያውቁ ነበር። በባልደረቦቻቸው የተደረገላቸውን ደግነት አንድ መምህር ላይ ዜሮ ተብሎ እንደተጻፈ ተዉት፤ ከዚያም ሻይ አዘዙልኝ። አልጠጣሁም።

ከጭልጋ በኋላ ጎንደር ከተማ ብዙ ዓመት አስተማርሁ። በሬ ላይ ቆሜ ወሬ ጠየቅሁ፤ እኔም ተገመገምሁ፤ ወግ ታበዛለህ ተባልሁ። አሁን ፕላዝማው የሸረሪት ቤት ሆኗል፤ በየግንቡ ላይ እንግሊዝኛን በወር እናስጨርሳለን የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ልጆቹም ስልካችን ያርምልናል ይሉኛል። ስልኩ ቨርብ ስሪን አሳምሮ ያውቃል። ማን ምን ወሬ ለማን መናገር እንደማይችል ግን ማን ያስተምረዋል? ዕድሜዬ ሳይደርስ በፈቃዴ ጡረታ የጠየቅሁት ደክሞኝ እንዳይመስላችሁ። ሣጥኑ አሁን በኮምፒውተር ተሠርቶ ለሁሉም መምህር ስለታደለን ነው።

ጋሼ ምንውየለት ከንብረት ክፍሉ ጡረታ ወጡ። ወደ ክፍል አልተመለሱም።

ያን አቤቱታ አቅርቤ ከጎንደር የተመለስሁ ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። የሐዘን ልብሳቸውን እንደለበሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገና ከሩቅ አዩኝ።

«ፊትህ ቀድሞህ ገብቷል» አሉኝ። «የት ሄደህ ኖሯል?»

ስለ ሥራ ስናወራ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የምናወራው፤ እሳቸው ያስለመዱኝ ነው። በእንግሊዝኛ ጀመርሁ። እጃቸውን አነሡ።

«ይህን እንኳ በአማርኛ ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ ክፍሉን ወስደውብዎታል። አቤት ብዬ ነበር፤ አልሆነም።»

በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ማን ሊገባባቸው ነው?»

«እኔን አዘዋል። እኔ ግን አልገባም! በእርስዎ ቦታ ቆሜ—»

«መቼ ነው?»

«ነገ ጧት። አልገባም እኮ አልሁዎ!»

«ትገባለህ» አሉኝ። «አንተ ካልገባህ ሣጥኑ ይገባል።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጆቹ ፊትህን አይተው ምን ወሬ ይሉሃል። የእኔን ንገራቸው፤ ሳይበርድ። ለምሳሌ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ከየት ታመጣለህ?»

በማግስቱ በሩ ላይ ቆምሁ። ትርንጎ ከሰልፉ ፊት ነበረች። እኔ ሳልጠይቃት እሷ ጠየቀችኝ።

ነገርኋት፤ በእንግሊዝኛ።